ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከሀዋሳ ነው። ባለፈው ክረምት እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ፣ አፏም ተሳሰረ። ሆስፒታል 19 ቀን ተኛች።

እዚያ ነው ሲስተርን ያገኘናት። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም። የመጀመሪያው ሌሊት እህቴ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ አይታ ምንም ሳትል አጠገቧ ቁጭ አለች። ቆይታ ግን "ነይ፣ እማማን አብረን እናገላብጣቸው" አለቻት። በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፤ ትራስ በጉልበቶቿ መሀል፣ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ። የአልጋ ቁስል አንዴ ከጀመረ በቀላሉ አይድንም ብላ አስረዳችን። በአፍንጫዋ ቱቦ አጥሚት ስንሰጣት ቀና አድርገን እንድናስቀምጣት፣ ከጨረስንም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳናስተኛት ነገረችን፤ ምግቡ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ነው። ይህን ሁሉ ስታሳየን ሌሎች ብዙ በሽተኞች እየጠበቋት ነበር፣ አንድም ቀን ግን ስትቆጣ አላየናትም።

ከሁሉ የማልረሳው፣ እናቴን ከመንካቷ በፊት ሁሌ "እማማ፣ አሁን ላዞርዎት ነው" ትላታለች። እናቴ አትመልስም። እሷ ግን ትነግራታለች። አንድ ጠዋት እናቴ በግራ እጇ የሲስተርን ጣት ጭብጥ አደረገች። ሁላችንም አለቀስን፣ ሲስተርም ፊቷን አዞረች።

ስለ ነርሶች ብዙ ጊዜ የሚወራው ስሞታ ነው። ግንቦት 4 የዓለም ነርሶች ቀን ሲሆን ብቻ ማመስገን ደግሞ ይከብደኛል፣ ለዚህ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

እናቴ አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቡናዋን በግራ እጇ ትጠጣለች። ይቺን ንገሩልኝ።

ከአንባቢያችሁ፣ ሀዋሳ