ወንበሯን ፍለጋ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መስከረም ላይ ያወጣነው እቅድ ሌላ ነበር። በሰልፍ ሰዓት ዜና ማንበብ፣ በእረፍት ሙዚቃ ማጫወት። ይህንንም ሠርተናል። ማይኩ ሁለቴ ተበላሽቶ ሁለቴ ተጠግኗል። ከዚህ በላይ የሚወራለት የለውም።

ኅዳር ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ "ቲቸር፣ ስፒከር ሁለት የሚሆነው ለምንድን ነው? እኛ ቤት አንዱ ብፌ ላይ ነው፣ ሌላው ከሶፋ ኋላ" አለችኝ። ሰሌዳ ላይ ሥዬ ላስረዳት እችል ነበር። ግን ስምንቱንም የክበቡን አባላት ቅዳሜ ቤቴ ጠራኋቸው።

የእኔም ቤት ከእሷ ቤት አይሻልም። ሳሎኔ 5 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። ስፒከሮቹ ሁለቱ ማዕዘኖች ውስጥ ተወሽቀዋል። ሶፋው እንደ ብዙ የደሴ ሳሎን ከግድግዳ ተጣብቋል። በሞኖ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ከፈትን፤ ስሙን ከእኛው ተራራ ጋር የሚጋራው የአምባሰል ቅኝት ነው። ሞኖ ከሁለቱም ስፒከር እኩል ስለሚወጣ ድምፃዊው ልክ መሀል መሰማት አለበት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጠቁሙ አልኳቸው። ገሚሱ ወደ ቀኝ፣ ገሚሱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ማድ ቤት።

ምክንያቱ አሳፋሪ ነው። በአንደኛው ስፒከር ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተገላብጦ ነበር። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ፣ ባሱ፣ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ እንግዲህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስፒከሩን ስረግም ኖሬያለሁ።

ሽቦው ሲስተካከል ደግሞ ባሱ ቤቱን አናወጠው። ማዕዘን ባስ ያጎላል። ስፒከሮቹን ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 90 ሳንቲ ሜትር አወጣናቸው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር ከተቀማጩ ጆሮ እኩል እንድትሆን በርጩማ ላይ አቆምናቸው። ከዚያ ገመድ ዘረጋን። በስፒከሮቹ መካከል 2 ሜትር ተኩል፣ ከእያንዳንዱ እስከ አድማጩ ራስም 2 ሜትር ተኩል። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት ማለት ነው።

ከሁሉ ያከራከረን የወንበሯ፣ ማለትም የአድማጩ መቀመጫ፣ ቦታ ነው። ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ባስ ይበዛበታል። "መሀል ይሻላል" ያሉ ነበሩ፤ ሄደው ሲቀመጡ ባሱ ከዳቸው። እዚህ ላይ ጠመኔ አነሳን። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ግማሽ ሞገዱ 5 ሜትሩን ልክ የሚሞላው ድምፅ 34 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 34 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። እሱም፣ ሦስት እጥፉ 102 ኸርዝም፣ ክፍሉ መሀል ላይ ግፊታቸው ይጠፋል። ከበሮና ባስ ጊታር ደግሞ እዚያው ሰፈር ናቸው። ስለዚህ ከኋላ ግድግዳ የክፍሉን ርዝመት 38 በመቶ፣ ማለትም 1.9 ሜትር ርቀን ጀመርን። ጀመርን ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ሜትሩን አስቀምጦ በጆሮ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው።

ልጆቹ በጣም የወደዱት መስታወቱን ነው። አንዱ ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው መስታወት በጎን ግድግዳ ላይ ያንሸራትታል። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታየበት ቦታ ድምፁ መጀመሪያ ነጥሮ የሚመጣበት ነው። እዚያ ወፍራም ባና ሰቀልን። አምባሰሉን መልሰን ስንከፍት ስምንቱም ጣት ወደ ብፌው መሀል ሆነ።

ባለቤቴ ግን ሶፋው ሳሎን መሀል መገተሩ አልጣማትም። "ቡናውን የት ላቅርበው?" አለች። እውነቷን ነው። ሶፋው ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ለቅዳሜ አንዲት የእንጨት ወንበር አለችን፤ እግሮቿ የሚያርፉበትን ምንጣፉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገናል። ምንጣፉ በታጠበ ቁጥር እንደገና ገመድ መዘርጋት ነው።