የቀዶ ሕክምና ቁስል እንዳያመረቅዝ

ይህን የምጽፈው የቀዶ ሕክምና ቁስልን በአሉታዊ ግፊት ከማመርቀዝ ስለ መጠበቅ ነው። ዘዴው የተሰፋውን ቁስል አየር በማያስገባ ሽፋን አሽጎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 125 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሚደርስ የመሳብ ኃይል በቀጭን ቱቦ ፈሳሹን መምጠጥ ሲሆን፣ ከስፌቱ ሥር ፈሳሽ እንዳይጠራቀምና የቁስሉ ጠርዝ እንዳይላቀቅ ያግዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አቅም እየታየ፣ ይበልጥ ለተጋለጡ አዋቂ ሕሙማን እንዲውል ሐሳብ አቅርቧል።

እህቴ ባለፈው ክረምት በቀዶ ሕክምና ወልዳ በአራተኛው ቀን በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ስትመለስ፣ ፋሻዋ በማዕበሉ ርሶ ሳምንት ሳይሞላ ስፌቱ መግል ቋጠረ። አራስ ሴት ፋሻ ለማስቀየር ጣናን ልታቋርጥ አትችልም፤ ለቀናት ታሽጎ የሚቆይ ሽፋን የሚያስፈልገው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው። እርግጥ መሣሪያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠት ያለበትን ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ሆነ የእጅ ንጽሕናን አይተካም።

ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ በባሕር ዳር በአንድ ሆስፒታል ጥቂት መሣሪያዎች አስገብቶ፣ ለስኳር ሕሙማንና ከደሴቶቹ ለሚመጡ ወላዶች ቅድሚያ በመስጠት ቢጀምር፣ እስከ 30 ቀን ያመረቀዙትንም ቁስሎች በስልክ እየጠየቀ ቢመዘግብ መልካም ነው።