የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ ስቲከሩ ወዴት ነው የሚወስደን?

ዘንድሮ ክበባችን ዋና ስራ ብሎ የያዘው አንድ ነገር ነው፣ የላይብረሪያችንን መጻሕፍት ዝርዝር ተማሪው በስልኩ እንዲያየው ማድረግ። መጽሐፍ ምዝገባው ላይ ብዙ አላወራም፣ ልጆቹ ማክሰኞና ሐሙስ ከክፍል በኋላ እየቀሩ አንድ በአንድ አስገብተውታል፣ መብራት ሲጠፋ ወረቀት ላይ እየጻፉ ሲመጣ እየገለበጡ ነው የጨረሱት፣ ተባረኩ። ማውራት የምፈልገው የመጽሐፉን ገጽ ስለሚከፍተው ሊንክ ነው፣ ከታህሳስ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳን እሱ ስለሆነ፣ ልጆቹም ከሁሉም በላይ የተማሩት ከሱ ስለሆነ።

አፑን የሰራነው በፓይተን ቋንቋ ነው፣ ዌብ አፕ መስሪያ በሆነው በፍላስክ። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ገጽ አለው፣ አፑ ራሱ የገጹን ሙሉ አድራሻ ያወጣና ኪውአር ኮድ ያደርገዋል፣ እኛ ስቲከር ላይ አትመን መጽሐፉ ጀርባ እንለጥፋለን፣ ተማሪው ስካን ሲያደርግ ስንት ኮፒ እንዳለና መቼ እንደሚመለስ ያያል ማለት ነው። ታህሳስ ላይ የባዮሎጂውን መደርደሪያ ሙሉ ለጥፈን ጨረስን። የላይብረሪዋ ኃላፊ ስልካቸውን አውጥተው የመጀመሪያውን ስካን አደረጉ፣ አልከፈተም። ሌላ ሞከሩ፣ አልከፈተም። "ልጆች፣ ችግሩ የኔ ስልክ ነው ወይስ የሁሉም?" አሉ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ስልኩን ተቀብሎ አድራሻውን ጮክ ብሎ አነበበው፦ 127.0.0.1፣ ፖርት 8000።

ይሄ 127.0.0.1 የሚባለው ቁጥር "እኔው ራሴ" እንደማለት ነው፣ ሰርቨሩ (አፑ ያለበት ኮምፒውተር) ላይ ሲጠራ ሰርቨሩን ነው፣ ስልክ ላይ ሲጠራ ስልኩን ነው፣ ስለዚህ የሳቸው ስልክ የባዮሎጂ መጽሐፉን ሲፈልግ የነበረው እዛው ራሱ ውስጥ ነው። ልጆቹን ግራ ያጋባቸው ግን ሌላ ነበር፣ ላብ ውስጥ በብሮውዘር ሲከፍቱት አድራሻው ላይ ትክክለኛው የሰርቨሩ ስም ነው የሚታየው፣ ታዲያ አፑ ይሄን ቁጥር ከየት አመጣው?

መልሱ ያለው ከአፑ ፊት ለፊት የቆመው፣ ኤንጂንኤክስ የሚባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ጋ ነው። አፑን በቀጥታ ማንም አያገኘውም፣ ጥያቄው መጀመሪያ ኤንጂንኤክስ ጋ ይደርስና እሱ ነው ለአፑ የሚያቀብለው፣ ሪቨርስ ፕሮክሲ የሚባለው ይሄ ነው። ለልጆቹ በግቢያችን በር ነው ያስረዳኋቸው፣ እንግዳው ጉዳዩን ለጥበቃው ይነግራል፣ ጥበቃው ይዞ ቢሮ ይገባል፣ ቢሮ ያለው ሰው ግን እንግዳው በየትኛው በር እንደመጣ አላየም፣ "በዚህ ተመለስ" ብሎ አድራሻ ሲጽፍለት የሚያውቃትን የውስጥ በር ነው የሚጽፈው፣ እንግዳው ደግሞ ያቺን በር ከውጪ በጭራሽ አያገኛትም። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ሄደር የሚባሉ አጫጭር መረጃዎች አብረው ይሄዳሉ፣ ሆስት የሚለው የተጠየቀውን የሰርቨር ስም የሚይዘው ነው፣ ኤንጂንኤክስ ካልነገሩት በስተቀር ይሄንን ሄደር የሚሞላው በአፑ የውስጥ አድራሻ ነው፣ አፑም ሊንክ የሚሰራው ባየው ሆስት ነው፣ ስለዚህ አፑ አልዋሸም፣ የተነገረውን ነው የጻፈው። የኤንጂንኤክስ ኮንፊግ (መቼት ፋይል) ላይ ሰውየው የጠየቀውን ስም ሆስት ላይ እንዲያስተላልፍ አንድ መስመር ጨመርንና ስሙ ተስተካከለ።

ስሙ ተስተካክሎ ሊንኩ ግን አሁንም አልሰራም። ሰርቨሩ ላይ የፈተና መለማመጃውም ስላለ ላይብረሪውን በራሱ ንዑስ መንገድ (አድራሻው ላይ ከሰርቨሩ ስም ቀጥሎ የሚጻፍ ቃል) ስር ነበር ያስቀመጥነው፣ ኤንጂንኤክስ ያቺን ንዑስ መንገድ ቆርጦ ነው ለአፑ የሚሰጠው፣ አፑ መቆረጧን ስለማያውቅ ሊንኩን ያለሷ ይሰራል፣ ተማሪው ክሊክ ሲያደርግ የፈተናው አፕ ላይ ወድቆ 404፣ ማለትም "ገጹ አልተገኘም" የሚለውን ያያል። የተቆረጠውን ኤክስ-ፎርዋርደድ-ፕሪፊክስ በሚባል ሄደር ላክን፣ አፑ በኩል ደግሞ ፕሮክሲፊክስ የሚባለውን አስገባን፣ እነዚህን ሄደሮች አንብቦ ለአፑ የሚያስረዳው እሱ ነው። ከዛም በኋላ የፍለጋው ገጽ እምቢ አለ፣ ሲታይ ከልጆቹ አንዱ ቴምፕሌቱ (የገጹ ንድፍ ፋይል) ላይ ሊንኩን በእጁ ጽፎታል፣ በእጅ የተጻፈ ሊንክ ደግሞ ምንም ሄደር ቢላክ አይሰማም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቴምፕሌት በቴምፕሌት እየከፈትን ሁሉንም ሊንኩን አፑ ራሱ እንዲያወጣ በሚያደርገው ዩአርኤል-ፎር በሚለው ፋንክሽን ቀየርናቸው።

የኮራሁባት ቀን ግን የካቲት ላይ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ፣ ዝምተኛ ናት፣ "ቲቸር፣ እንግዳው ራሱ 'በዚህ በር ነው የመጣሁት' ብሎ የውሸት ወረቀት ይዞ ቢመጣስ?" አለችኝ። መልስ ከምሰጣት ሞክሪው አልኳት። ያለ ብሮውዘር ጥያቄ በሚልከው ከርል በሚባል ፕሮግራም፣ የተጠየቀውን ስም ለአፑ የሚናገረው ኤክስ-ፎርዋርደድ-ሆስት የሚባል ሄደር ላይ የፈጠራ ስም ጽፋ በራሷ አካውንት ፓስወርድ ረሳሁ ብላ ጠየቀች፣ ኢሜይሏ ላይ የመጣው ሊንክ ያንን የፈጠራ ስም ይዞ መጣ። ክፉ ሰው በሌላ ሰው አካውንት ይሄንን ቢያደርገውና ባለቤቱ ሊንኩን ቢነካው፣ ፓስወርድ መቀየሪያው ቁልፍ ክፉው ሰርቨር ላይ ይደርሳል። እኛ ፕሮክሲፊክስን ሆስቱንም እመን ብለነዋል፣ ኤንጂንኤክስ ላይ ግን ያንን ሄደር አልሞላነውም ነበር፣ ስለዚህ ከውጪ የመጣው እንዳለ ያልፋል። አሁን እያንዳንዱን የምናምነውን ሄደር ኤንጂንኤክስ ራሱ በላዩ ላይ ይጽፍበታል፣ ፕሮክሲፊክስ ላይም ቁጥሩ 1 ነው፣ የምናምነው ፕሮክሲ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አፑም የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ነው፣ ከጎን ዞሮ የሚገባ እንዳይኖር። ያቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ራሷ ናት የጻፈችው፣ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት።

ስቲከሩን ሚያዝያ ላይ እንደገና አተምን። የድሮውን ከመጽሐፉ ላይ መላጥ ሽፋኑን ስለሚቀድ በላዩ ላይ ነው የለጠፍነው፣ ኃላፊዋም እያንዳንዱን በስልካቸው ስካን ሳያደርጉ አላሳለፉም። ባዮሎጂው አልቋል፣ ሂሳብና ፊዚክስ ግማሽ ላይ ናቸው፣ የአማርኛ ልብወለዶቹ ገና አልተነኩም፣ መስከረም ላይ ከነሱ ነው የምንጀምረው፣ የተረፈው የስቲከር ወረቀት ኃላፊዋ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።