ቀለሙ ይቆይ፤ ጣሪያው ይቅደም

ክቡር አዘጋጅ፦

አንድ አንባቢያችሁ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዳኮታ አውሮፕላን ወደ ባሕር ዳር መጥቶ፣ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ በጣና ዳር ለሙዚየም ይቁም ሲሉ ያቀረቡትን ሐሳብ አነበብን። ሐሳቡ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል፤ መቅደም ያለበት የሚጠለልበት ጣሪያ ነው። ማጠብና መቀባት ከፊት ከመጡ የሚታደሰውን ነገር ራሱን ያጠፉታል።

ዳኮታ፣ በወታደራዊ ስሙ ሲ-47፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር ነው። ርዝመቱ ከ19 ሜትር ያልፋል፤ ባዶ ክብደቱ 8 ቶን ገደማ ነው። ከቢሾፍቱ ወይም ከአዲስ አበባ በሎቤድ መኪና ተጭኖ ቢመጣ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ከነክንፉ አያሳልፈውም፤ የውጪዎቹ ሁለት ክንፎች መፈታት አለባቸው። ክንፉን ከመሃለኛው ክፍል ጋር የሚይዙት በመጋጠሚያው ዙሪያ የተደረደሩ እጅግ ብዙ ትንንሽ ቡሎኖች ናቸው፤ ልካቸውም ሁሉ በኢንች ነው። የ3/8 ኢንች መፍቻ የሚወስድ ዳዶ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 10 መፍቻ ልኩ መስሎ ይገባና ጠርዙን ይበላዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መጋዝና መሮ ነው። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አፍስሶ ማሳደር ከጉልበት ይሻላል።

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ካሜራና መዝገብ ይነሱ። ለሚፈታው ዕቃ ሁሉ ቁጥር ይታሰርለት፤ ቡሎኑም የወጣበት ቦታ ተጽፎበት በየከረጢቱ ይግባ። ቁጥር የተቀረጸባቸው ትንንሽ የመለያ ሰሌዳዎች እግር አውጥተው ስለሚጠፉ በመጀመሪያው ቀን ፎቶ ይነሱ። ቀለሙም ራሱ መዝገብ ነው። ከ600 እስከ 1000 ቁጥር ባለው የውሃ ብርጭቆ ወረቀት መዳፍ የምታህል ቦታ እያረጠቡ፣ ሳይቸኩሉ ክብ እየሠሩ ቢፈትጉ የየዘመኑ ቀለም ተራ በተራ ይገለጣል፤ ከሥር የወይራ አረንጓዴው የጦር ቀለም፣ አንዳንዴም የድሮ ቁጥር ጠርዝ ሊወጣ ይችላል። ሁሉም በቀለም ማስለቀቂያ ከተላጠ በኋላ ጎብኚ የሚያየው የዘንድሮን ቀለም ብቻ ነው። ቢጫ አረንጓዴው የሥር ቀለም ዚንክ ክሮሜት ስለሆነ ብናኙ መርዝ ነው፤ ደረቁን አይፈተግም፣ ያለ መተንፈሻ ጭንብልም አይነካም።

አሉሚኒየም አይዝግም የሚባለው ልክ አይደለም። የአውሮፕላን ላሜራ የሚጠነክረው መዳብ ስለሚቀላቀልበት ነው፤ ያው መዳብ ለዝገት ያጋልጠዋል። ለዚህ ሲባል ሁለቱም ፊቱ በስስ ንጹህ አሉሚኒየም ይለበጣል፤ ልባጡ በየፊቱ ከውፍረቱ 5 በመቶ ያህል ነው። 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ 0.04 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። በግፊት አሸዋ የሚረጭ፣ በሽቦ ብሩሽ የሚፈትግ ወይም በማሽን የሚያወለውል ሰው ይህን ልባጥ ሳያውቀው ይጨርሰዋል። የሽቦ ብሩሽ ሌላም ጣጣ አለው፤ የብረት ብናኙ ላሜራው ላይ ተሰክቶ ይቀርና እርጥበት ሲያገኝ ዙሪያውን ያስበላል። የፕላስቲክ መፋቂያና የናይለን ብሩሽ ይበቃሉ። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕም አይቅረብ፤ ውሃውን በላሜራዎቹ መደራረቢያ ውስጥ ይሰገስገዋል። በረኪናና የልብስ ዱቄት ሳሙና አሉሚኒየምን ይበላሉ፤ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ንጹህ ውሃ፣ ከዚያ ወዲያው ማድረቅ ነው።

ዳኮታ ጅራቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚቆም የገባው ውሃ ሁሉ ወደ ኋላ ይወርዳል። የሆዱ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በቀይ አፈርና በአይጥ ጎጆ ይደፈናሉ። አፈሩ ሲነሳ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይታያል፤ የአሉሚኒየም ዝገት ማለት ይህ ነው፤ የባሰበት ላሜራ እንደ ቂጣ እየተነባበረ ይለያያል። ይህ ስቱኮ አይለጠፍበትም፤ ተቆርጦ ይተካል። ለመተካት ላሜራዎቹን የሚያያይዘው የአሮጌው ሪቬት (ተቀጥቅጦ የሚያዝ ሚስማር) ጭንቅላት ብቻ ተበስቶ ይነሳል፣ እግሩ በመምቻ ይገፋል። የአዲሱ ርዝመት የላሜራዎቹ ጠቅላላ ውፍረት ሲደመር የሪቬቱ ዲያሜትር አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ሲቀጠቀጥ የጀርባው ስፋት አንድ ተኩል ዲያሜትር ይሆናል፣ ቁመቱ ግማሽ ዲያሜትር ይቀራል። ከአንድ ወገን ብቻ ተስቦ የሚያዘው ፖፕ ሪቬት ከሩቁ ያስታውቃል፤ ውሃም ያስገባል።

ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው 14 ሲሊንደርና 28 ካንዴላ ያላቸው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሥራዎች ናቸው። ለዓመታት ሲቆሙ ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። «እስቲ ይዞር እንደሆነ» ብሎ ፕሮፔለር የሚገፋ ጎረምሳ አይጠፋምና አስቀድሞ የታችኞቹ ካንዴላዎች ወጥተው ዘይቱ ይፍሰስ፤ ዘይት ስለማይጨመቅ ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ፣ ቢዬላውን፣ ያጣምመዋል።

ከአብራሪው ፊት ያሉት በጨለማ ያበሩ የነበሩ ቆጣሪዎች ራዲየም ሊኖርባቸው ይችላል። ብርሃናቸው ጠፋ ማለት ጨረራቸው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1600 ዓመት ይፈጅበታል። መስታወታቸው አይከፈት፣ የጨረራ ባለሙያ ይለካቸው።

በነገራችን ላይ፣ የጣሊያን ዘመን ካፕሮኒ 133 አውሮፕላን ስብርባሪ ከጎጃም ገጠር ቢገኝ ነገሩ ሌላ ነው። የዚያ አካል በሸራ የተሸፈነ የብረት ቱቦ ስለሆነ የሚዝገው ከውስጥ ነው። በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ የሳሳው ቦታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ለቁራሌው ከመድረሱ በፊት ለባህል ቢሮ ይነገር።

አሁን ወደ ጣሪያው። በ1920ዎቹ አቃቂ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን በ2016 ከኢጣሊያ ስትመለስ ሙሉ አካሏን ይዛ የመጣችው ሙዚየም ውስጥ ስለኖረች ነው። በባሕር ዳር ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ በበጋ ደግሞ ፀሐይ የዳኮታን ጅራት መሪዎችና የክንፍ ጫፍ መቆጣጠሪያዎች ታበሰብሳለች፣ ሽፋናቸው ጨርቅ ነውና። ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ በምን ላይ ይዋል ለተባለ፦ የሲሚንቶ ወለል፣ ሰፊ ክፈፍ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ እርግብና የሌሊት ወፍ የማያስገባ ወንፊት ሽቦ። አየር ይግባበት፤ ታፍኖ የተዘጋ መጋዘን ጤዛ ያዘንባል። አውሮፕላኑ ሲገባም በክሪክ ማንሻ ነጥቦቹ ተነስቶ በብረት እግር ይደገፍ፤ ጎማዎቹ መሬቱን ነክተው ይታዩ፣ 8 ቶኑን ግን አይሸከሙ።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች
ከባሕር ዳር