አድራሻ የሌለው ክስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፣

የውጭ ዜና ገጻችሁን የምንከታተል አንባቢዎች ነን፤ ከመካከላችን ታሪክ የሚያስተምር አለ፣ የውጭ ዜና እየተረጎመ የሚኖርም አለ። በጋዛው ጦርነት ማን ልክ ነው በሚለው እኛም እርስ በርስ አንስማማም፤ ደብዳቤውም ለዚያ አልተጻፈም። የተስማማነው «አይሁዶች ጋዛን ደበደቡ» የሚል ርዕስ መታተም እንደሌለበት፣ «ጽዮናውያን የዓለምን ባንክ ጨብጠዋል» የሚል አስተያየትም እንደ ተራ የፖለቲካ ትንታኔ መስተናገድ እንደሌለበት ነው። ሁለቱንም ዓይነት አዲስ አበባ በሚታተሙ ጋዜጦች ላይ አንብበናል። (ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ርዕሱ ይቅደም። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ርዕሱንና ፎቶውን አይቶ ገጹን ይገልጣል። ርዕስ ላይ የተሳተ ነገር አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ቢታረም ማንም አያገኘውም። «አይሁዶች ደበደቡ» ማለት ደግሞ ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው። የደበደበው የእስራኤል አየር ኃይል ነው፣ ያዘዘውም የእስራኤል መንግሥት ነው። ከአገሪቱ ዜጎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ዐረብ ነው፤ የራሱ ሃይማኖት ያለው የድሩዝ ማኅበረሰብ ወንዶችም እንደ አይሁዶቹ በግዴታ ይዘምታሉ። በሌላ በኩል በዓለም ካሉት 15 ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁዶች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ከእስራኤል ውጭ ነው። የእስራኤልን መንግሥት አልመረጡም፣ ለጦሩም አልተመለመሉም። እስራኤል ውስጥ ካሉትም ከ160 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዘራቸው ከጎንደርና ከትግራይ የሚመዘዝ ነው፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከዚሁ ከተማ በአውሮፕላን ሲወጣ ያየ ብዙ አንባቢ አላችሁ። መፍትሔው አድራጊውን በስሙ መጥራት ነው፦ መንግሥቱ፣ ጦሩ፣ ሚኒስትሩ፣ ፓርቲው፣ ሰፋሪዎቹ። አንድ ታጣቂ ቡድን ላጠፋው ጥፋት ብሔሩ በሙሉ ርዕስ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚከተል ለዚህ አገር ጋዜጠኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ጽዮናዊ» የሚለው ከዚህ ይከብዳል። ጽዮናዊነት አይሁዶች በፍልስጥኤም ምድር የራሳቸው አገር እንዲኖራቸው የተነሣ የፖለቲካ እንቅስቃሴ ነው፤ ቴዎዶር ሄርዝል የመጀመሪያውን ጉባኤ ባዝል ከተማ ላይ የጠራው በ1897 ነው። የፖለቲካ እንቅስቃሴ እንደ ማንኛውም ይነቀፋል። ጽዮናዊነትን አጥብቀው ከተቃወሙት ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው አይሁዶች ነበሩ፦ በዚያው ዓመት ቪልና ላይ የተመሠረተው ቡንድ የተባለው የሠራተኞች ፓርቲ፣ ብሪታንያ በፍልስጥኤም ለአይሁዶች ብሔራዊ መኖሪያ እንዲቋቋም እደግፋለሁ ያለችበት የባልፎር መግለጫ በ1917 ሲወጣ ተቃውሞ የተሟገተው አይሁዳዊው የብሪታንያ ሚኒስትር ኤድዊን ሞንታጉ፣ እስከ ዛሬም ሳትማር ሃሲዲም የተባሉት አጥባቂ አይሁዶች። ስለዚህ ፀረ ጽዮናዊነት ሁሉ ፀረ አይሁድነት ነው የሚለውን አንቀበልም። የሚያሳስበን አሮጌው ክስ ስሙን ለውጦ ሲመጣ አርታኢው ሳያውቀው ማለፉ ነው።

እኛ የምንጠቀምበት መፈተኛ የክሱን ዕድሜ መጠየቅ ነው፤ ከ1897 በፊት ነበረ ወይ? ጽዮናዊነት ሳይወለድ የነበረ ክስ ስለ ጽዮናዊነት ሊሆን አይችልም። የሕፃን ደም ያፈሳሉ የሚለው፣ «የደም ስም ማጥፋት» የሚባለው ክስ የሚጀምረው ኖርዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ1144 ከተገደለ አንድ ልጅ ነው። ጉድጓድ ይመርዛሉ የሚለው በ1348 እና 1349 ወረርሽኝ ጊዜ ተሰራጭቶ በስትራስቡርግ በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሁዶች በአንድ ቀን ተቃጥለዋል። በገንዘባቸው መንግሥታትን በስውር ይነዳሉ የሚለው ደግሞ 19ኛውን ክፍለ ዘመን የባንክ ባለቤት በነበረው በሮትሽልድ ቤተሰብ ስም ሲወራ ኖሮ፣ በ1903 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተባለ የሐሰት ሰነድ ሆኖ ወጣ። በ1921 የለንደኑ ታይምስ ዘጋቢ ፊሊፕ ግሬቭስ ሰነዱ ሞሪስ ዦሊ የተባለ ፈረንሳዊ በ1864 ካሳተመው ጽሑፍ መገልበጡን አንቀጽ ከአንቀጽ እያስተያየ አሳየ። ዦሊ የጻፈው ናፖሊዮን ሦስተኛን ለመንቀፍ ነው፤ ስለ አይሁዶች አልጻፈም። የሐሰት ሰነዱ ሐሳብ ግን ዛሬም ምንጩ ሳይነገር በአማርኛ የዩቲዩብ ትረካዎች ውስጥ ይደመጣል፤ በ«አይሁዶች» ቦታ «ጽዮናውያን» የሚል ይገባል፣ የቀረው እንዳለ ነው።

የስም ለውጡ አዲስ አይደለም። ኖቬምበር 1952 ፕራግ ላይ የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበረው ሩዶልፍ ስላንስኪና ሌሎች 13 የፓርቲና የመንግሥት ባለሥልጣናት በጽዮናዊ ሤራ ተከሰው ቀረቡ። ከ14ቱ 11ዱ አይሁዶች ነበሩ፤ 11 ሰዎችም ተሰቀሉ። ስላንስኪ ዕድሜ ልኩን ጽዮናዊነትን የተቃወመ ኮሚኒስት ነበር። በ1968 የፖላንድ መንግሥት «ፀረ ጽዮናዊ» ብሎ በከፈተው ዘመቻ ከሥራና ከዩኒቨርሲቲ የተባረሩት በአይሁድነታቸው ነው፤ 13 ሺህ ያህሉ አገር ጥለው ወጡ። ሐማስም በ1988 ቻርተሩ ፕሮቶኮሉን በስም ይጠቅስ ነበር፣ የፈረንሳይን አብዮትና የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ሳይቀር በጽዮናውያን ያሳብብ ነበር። በ2017 ባወጣው ሰነድ ግጭቱ ከጽዮናዊው ፕሮጀክት ጋር እንጂ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከአይሁዶች ጋር አይደለም አለ። የቋንቋው ለውጥ መዘገብ አለበት። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ሐማስ እስራኤል ላይ በከፈተው ጥቃት ወደ 1,200 ሰው መገደሉና 251 ሰው መታገቱም ከዚያው ሰነድ ጎን መነበብ አለበት።

እዚህ ላይ ሌላው ወገን የሚሳሳተውን እናንሳ፤ ከሁሉ የሚያስቸግረን ይህ ነውና። ክሱ ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ ዜናው ሐሰት አይሆንም። ጋዛ ውስጥ ብዙ ሺህ ሕፃናት ተገድለዋል፤ የጋዛ ጤና ሚኒስቴር የመዘገባቸው ሟቾች ባጠቃላይ ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። ይህን መጻፍ የኖርዊችን ክስ መድገም አይደለም። «የደም ስም ማጥፋት ነው» እያለ ዘገባን ለማፈን የሚሞክር ባለሥልጣን ቃሉን እያረከሰው ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ዘገባው ቀን፣ ቦታ፣ የጦር ክፍል፣ ምስክርና የሆስፒታል መዝገብ አለው። ተከሳሹ መልስ ሊሰጥበት ይችላል፣ ሐሰት ከሆነም ሊወድቅ ይችላል። የደም ክሱ ግን አድራሻ የለውም። «እነሱ» ይላል፣ ምክንያቱንም ከተፈጥሯቸው ያመጣል፤ ማስረጃ ሲጠፋ መጥፋቱ ራሱ የሤራው ማስረጃ ይሆናል።

ለትክክለኛ ክስ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ከቤተ እስራኤል አትራቁ። በጃንዋሪ 1996 የእስራኤል የድንገተኛ ሕክምናና የደም ባንክ አገልግሎት፣ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ኢትዮጵያውያን የለገሱትን ደም በኤችአይቪ ፍርሃት በድብቅ ሲደፋ መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ኢየሩሳሌም ላይ ተሰልፈው ከፖሊስ ጋር ተጋጩ። ተቋሙ በስሙ ተጠራ፣ አሠራሩ ተገለጸ፣ መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ ለማቋቋም ተገደደ። የእስራኤልን መንግሥት በዘረኝነት መክሰስ ማለት ይህ ነው፤ ከሳሾቹም አይሁዶች ነበሩ።

ለሐሰተኛውም ክስ ምሳሌ ፍለጋ አውሮፓ መሄድ አያሻም። ቤተ እስራኤል በአገራቸው ርስት ተነፍገው በብረት ሥራ፣ በሸክላና በሽመና ሲኖሩ፣ ጎረቤታቸው ማረሻውን ከእነሱ እየገዛ «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ይል ነበር። መሬት የከለከለውም በስውር ኃይል የከሰሰውም ያው ኅብረተሰብ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓም አይሁዳዊው በብዙ አገር መሬትና የሙያ ማኅበር ተከልክሎ፣ ገንዘብ ወደ ማበደር ተገፍቶ፣ ከዚያ በአራጣው ተከሷል።

አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። እዚህ ከተማ «አይሁዶች ዓለምን ይገዛሉ» የሚለው ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአድናቆት ነው። ፒያሳ መንገድ ዳር የሚዘረጉትን የ«ሀብታም መሆኛ» መጻሕፍት ርዕስ ማየት ይበቃል። የሚያደንቀውም የሚጠላውም የሚሰብከው አንድ ዓይነት አፈ ታሪክ ነው፤ ቀኑ ሲከፋ አድናቆቱ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል።

ተንታኞቻችሁ የሚወዱት የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔም አለ። ኖቬምበር 10 ቀን 1975 ጠቅላላ ጉባኤው በ72 ድጋፍ፣ በ35 ተቃውሞና በ32 ድምፀ ተአቅቦ ጽዮናዊነት የዘረኝነት ዓይነት ነው አለ። ውሳኔ 3379 በመግቢያው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው ዓመት ካምፓላ ላይ ያወጣውን አቋም ይጠቅሳል፤ ኢትዮጵያ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። ዲሴምበር 16 ቀን 1991 ግን ያው ጉባኤ በ111 ለ25 ሻረው፤ መሻሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን የሚተው ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ለጸሐፊው መልሱለት።

መፈክርን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው። በፍልስጥኤም ደጋፊዎች ሰልፍ የሚሰማውን «ከወንዙ እስከ ባሕሩ» (ከዮርዳኖስ እስከ ሜዲትራኒያን) የሚለውን ማን እንዳለው፣ ምን እንደጠየቀበትም ጻፉ፤ ፍርዱን ለአንባቢ ተዉት። የእስራኤሉ የሊኩድ ፓርቲ የ1977 ፕሮግራምም በባሕሩና በዮርዳኖስ መካከል የእስራኤል ሉዓላዊነት ብቻ ይኖራል ይል ነበር።

ቁጥር ስትተረጉሙ ግን ብዙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤዲኤል የተባለው፣ ፀረ አይሁድነትን የሚታገል የአሜሪካ ድርጅት በ2024 አሜሪካ ውስጥ 9,354 ፀረ አይሁድ ድርጊቶችን መዝግቧል። ከዚህ 6,552 ትንኮሳ፣ 2,606 ንብረት ማበላሸት፣ 196 አካላዊ ጥቃት ነው። 58 በመቶው ከእስራኤል ወይም ከጽዮናዊነት ጋር የተያያዘ ነገር እንዳለበት ድርጅቱ ይናገራል። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ደግሞ በሰልፍ ላይ የተሰሙ አንዳንድ ፀረ ጽዮናዊ መፈክሮችንም ይቆጥራል። ስለዚህ «9,354 ጥቃት» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «በኤዲኤል ቆጠራ» ብሎ ሦስቱን ለያይቶ ማስቀመጥ ይገባል። ቆጠራው አከራካሪ ስለሆነ ነገሩ የለም ማለትም አያዋጣም፤ የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ በራሱ መስፈርት በ2023 በአይሁዶች ላይ 1,832 የጥላቻ ወንጀሎችን መዝግቧል።

ስለ ፀረ አይሁድነት ትርጓሜም ክርክር አለ። ዓለም አቀፉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ጥምረት ሜይ 2016 ቡካሬስት ላይ ያጸደቀው ትርጓሜ ካስቀመጣቸው 11 ምሳሌዎች 7ቱ እስራኤልን ያነሳሉ፤ በሌላ አገር ላይ ከሚሰነዘር ትችት ጋር የሚመሳሰል ትችት ፀረ አይሁድነት አይደለም ብሎም ይጽፋል። ረቂቁን በዋናነት ያዘጋጀው ኬነዝ ስተርን ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንደ ሕግ መጫኑን ተቃውሟል፤ እኛም ከእሱ ጋር ነን። በማርች 2021 የወጣው «የኢየሩሳሌም መግለጫ» የተባለው ሌላ ትርጓሜ ግን እስራኤልን ለመቦይኮት መጥራት በራሱ ፀረ አይሁድነት አይደለም ይላል። ሁለቱ በብዙ ቢለያዩም በአንድ ነገር አንድ ናቸው፦ እስራኤል ለምታደርገው አይሁዶችን በጅምላ ተጠያቂ ማድረግ ፀረ አይሁድነት ነው። ለአርታኢ መነሻው ይህ ይሁን። ሰልፍ ኤምባሲ ፊት ለፊት ከሆነ ተቃውሞው ለመንግሥት ነው፤ ምኩራብ በር ላይ ከሆነ ግን የተጠየቀው ለጸሎት የመጣው ሰው ነው። ማርች 2012 ቱሉዝ ውስጥ በአንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት አንድ መምህርና ሦስት ልጆችን የገደለው ሰው የፍልስጥኤም ልጆችን ለመበቀል ነው ብሏል። ኦክቶበር 2 ቀን 2025 በአይሁዶች የስርየት ቀን በዮም ኪፑር ማንቸስተር፣ እንግሊዝ ውስጥ በምኩራብ ላይ በደረሰው ጥቃት ሁለት ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለውን ዜና «ከጋዛው ጦርነት ጋር በተያያዘ» ብሎ መጀመር ገዳዩን ያለ ጠበቃ ክፍያ መከላከል ነው። ምክንያቱን ራሱ ከተናገረ በእሱ አፍ ይጻፍ።

በመጨረሻ ፎቶው። ስለ ጦሩ ለሚወጣ ዜና ጥቁር ባርኔጣና ረጅም ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ጺማም ሰዎች ፎቶ ይለጠፋል። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሃሬዲም የሚባሉ እጅግ አጥባቂ አይሁዶች ናቸው፤ የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 2024 ላይ ነፃ መሆናቸው የሕግ መሠረት የለውም እስኪል ድረስ ለአሥርተ ዓመታት በገፍ ከውትድርና ነፃ ነበሩ። አንዳንዶቹም ከማንም በላይ ጽዮናዊነትን ይቃወማሉ። የታንክ ዜና ከሆነ የታንክ ፎቶ፣ የካቢኔ ውሳኔ ከሆነ የሚኒስትሩ ፎቶ ይሁን። እርማት ስታወጡም በሚቀጥለው እትም ጥግ ላይ ብቻ አይቅር፤ ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውን ርዕስና ፎቶ ቀይሩ፣ የተቀየረበትን ቀንም ከሥሩ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢዎቻችሁ፣ ከአራት ኪሎ