ለሽያጭ ያስቀመጥኩት ኪቦርድና በገና ጉዳይ

ለሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ባለቤት
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በኮሚሽን እንዲሸጡልኝ ያስረከብኳቸው ዕቃዎች ያለ ፈቃዴ ስለ መከራየታቸውና ስለ መበላሸታቸው

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ያገለገለ ያማሃ ኪቦርድና አንድ በገና ሱቃችሁ አስቀምጫለሁ። የተፈራረምንበት ወረቀት እጄ ላይ አለ። ሲሸጡ 10 በመቶው የእናንተ፣ ቀሪው የእኔ ነው። እስኪሸጡ ድረስ ግን ንብረቱ የእኔ ነው። ስለ ኪራይም ሆነ ስለ ማስጌጫ አልተነጋገርንም።

ጥር ላይ አንድ ባልደረባዬ ደብረ ሲና ሠርግ ተጠርቶ ሄደ። መድረኩ ላይ የቆመውን ኪቦርድ ጎኑ ላይ ባለው ጭረት ለየውና ፎቶ ላከልኝ። የእኔው ነው። ስደውል ሠራተኛችሁ «ለሙከራ ነው የወጣው» አለኝ። ገዢ የሚሞክረው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። የእኔ ኪቦርድ መኪና ላይ ተጭኖ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሠርግ ሲጫወትበት ውሎ ነው የተመለሰው። የሙዚቃ ባንዱም ኪራይ እንደከፈለ ለባልደረባዬ ነግሮታል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቁልፎቹ ሲነኩ ድምፅ አይሰጡም። ይባስ ብላችሁ «ዕቃው አርጅቷል፣ ከ45,000 ወደ 30,000 ብር እናውርደው» አላችሁኝ። በእናንተ ኪራይ የተበላሸውን እኔ የምከፍልበት ምክንያት የለም።

የበገናው ነገር ግን ከዚህም በላይ አሞኛል። የአባቴ ነበር። በጾም ማታ ማታ ሲደረድረው እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ መደርደር ስለማልችል፣ የሚጸልይበት ሰው እጅ ይግባ ብዬ ነው ለሽያጭ ያመጣሁት። ሳስረክባችሁ አውታሮቹን አላልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው አደራ ብያለሁ። እናንተ አውታሩን ወጥራችሁ ለሱቁ ጌጥ መስታወቱ ሥር አቆማችሁት። የደብረ ብርሃን ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ፣ የቀኑ ፀሐይ ደግሞ እንዴት እንደሚያከር ለእናንተ አይነገርም። ቆዳው ተሰንጥቋል። ከአሥሩ የበግ አንጀት አውታሮች ገሚሶቹ ተበጥሰዋል። እንዚራዎቹም፣ አውታሮቹ ሥር የሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች፣ የሉም። በገና ያለ እንዚራ ደግሞ ያ የሚነዝረው ድምፁ አይወጣም። በገና ፈላጊ የሚበዛው ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ነው፤ የእኔው ያን ጊዜ ተሰብሮ ቆሞ ነበር።

በአደራ የተቀበላችሁትን ዕቃ እንደ ራሳችሁ ንብረት ተጠቅማችሁበታል። ቅሬታዬ ይኸው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ሌላ ሰው ሆኖ የሚሠራ ወኪል ለወካዩ በቅንነት መሥራትና ሲጠየቅ ሂሳብ ማቅረብ አለበት።

ስለዚህ ኪቦርዱ መቼ፣ ለማን፣ በስንት ብር እንደተከራየ በጽሑፍ ስጡኝ። ገንዘቡ ለእኔ ይመለስ፤ የጥገናውንም ወጪ እናንተ ሸፍኑ። ከዚያ በኋላ በተስማማንበት ዋጋ መሸጥ ትችላላችሁ። በገናውን ግን ከእንግዲህ እናንተ ዘንድ አላቆየውም። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ። ቆዳውንና አውታሩን በገና ሠሪ ዘንድ አስቀይሬ ደረሰኙን አመጣላችኋለሁ፤ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ያኔ ካልተስማማን ወረቀቱንና ፎቶውን ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ዕቃውን ያስቀመጥኩት ደንበኛችሁ