አባባ፣ ማይክ የሌለበት ቤት አገኘሁልዎ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን ነገር የለም። ይኸው እንዳስተማሩን ከጤና ጀመርኩ።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምዎ። በስልክ መግባባት እንዳቃተን ሁለታችንም እናውቃለን። ባለፈው "ሊዝበን ሄደን ነበር" ስልዎ፣ "አዎ፣ ልብስ ደርቡ፣ የፈረንጅ ብርድ ክፉ ነው" ብለው ስልኩን ለእህቴ ሰጧት። ዓይንዎ ግን ዛሬም የጋዜጣ ደቃቅ ፊደል ያነባል። ስለዚህ በዓይንዎ በኩል መጣሁ።

መጀመሪያ የሚጠይቁኝን ልመልስ። አዎ፣ የዳ ጋማን መቃብር አይቼዋለሁ። ቤሌም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የዤሮኒሞስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን እንደገቡ ነው። የአባትየው፣ የፖርቹጋሉ ባሕረኛ የቫስኮ መቃብር ማለቴ ነው። በጀርባው ተንጋሎ፣ መዳፎቹን ለጸሎት ገጥሞ በድንጋይ ተቀርጿል። እርስዎ ጠመኔ ይዘው ያስተማሩን ልጁ ክሪስቶፎ ግን እዚያ የለም። በፈረንጆች 1541 ግራኝን ሊወጋ ከ400 ባለ ጠመንጃ ጋር ምጽዋ የወረደው፣ በዓመቱ ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተይዞ አንገቱን የተቀላው ልጅ፣ እኛ አፈር ውስጥ ነው የቀረው። ይህንን ለልጅ ልጅዎ በጀርመንኛና በአማርኛ ቀላቅዬ ነገርኩት። "አባቱ ለምን ላከው?" አለኝ። አባቱማ ያን ጊዜ ከሞተ ቆይቷል፤ የላከው ወንድሙ ነው። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው፤ የእርስዎ ዘር መሆኑ ያስታውቃል።

በሌላው ጉብኝት አላደክምዎትም። 28 ቁጥር የሚባለውን ዝነኛ ቢጫ ትራም ተሳፈርን። ቆመን ነው የሄድነው፣ ኪሳችንን በእጃችን ይዘን። የምጽፍልዎ ስለ አንድ እራት ነው።

አልፋማ የሚባል አሮጌ ሰፈር አለ። በ1755 ሊዝበንን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን ሰፈር በአብዛኛው ትቶታል። መንገዱ ደረጃ ነው፤ ከመስኮት እስከ መስኮት ልብስ ተሰጥቷል። ማታ ማታ ከየበሩ ፋዶ ይሰማል። ፋዶ የሊዝበን ዘፈን ነው። እራት እየተበላ የሚዘፈንባቸው ቤቶች ሰፈሩን ሞልተውታል። ለቱሪስት የተሰናዱ ትልልቆቹን ትተን፣ የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው የሚዘፍኑበት ጠባብ ቤት ገባን። ወንበሮቹ ከመቀራረባቸው የተነሣ የጎረቤትህን ሳህን ልትበላ ትችላለህ።

ገና ሳናዝዝ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬና አይብ መጣ። እኛ የሐበሻ ልጆች ነን፤ የቀረበልንን እንበላለን። ባለቤቴ ግን አስቀድሞ አንብቦ ኖሮ እጄን ያዘኝ። እዚያ አገር ሳያዝዙት የሚመጣው በነጻ አይደለም። ከነኩት ይከፈልበታል፤ ካልፈለጉት ይመለስ ማለት ነውር የለውም። የቀረበ መመለስ! እኔ አልቻልኩም። ወይራውን በላን፣ ከፈልን።

ቀጥሎ ካልዶ ቬርዴ የሚሉት ሾርባ መጣ። ድንች ተፈጭቶ፣ ጎመን ክር አክሎ ተከትፎ ይገባበታል። ጎመኑ የኛን አገር ጎመን ነው የሚመስለው። ላዩ ላይ የአሳማ ቋሊማ ጣል ያደርጋሉ፤ ያለሱ ይምጣልኝ አልኩ። ከዚያ ባካልያው አዘዝን። በጨው የደረቀ ዓሣ ነው። አብዛኛው ከኖርዌይ ነው የሚመጣው። ውኃው እየተቀያየረ አንድ ሁለት ቀን ተዘፍዝፎ ጨው ካልወጣለት አይበላም። በዓመቱ ቀን ልክ አሠራር አለው ይላሉ። የኛ ተተልትሎ፣ በቀጭኑ ከተጠበሰ ድንችና ከእንቁላል ጋር የተሠራ ነበር። ይጣፍጣል። ሚጥሚጣ ግን ይቀረዋል።

ዓሣው እንደቀረበ መብራቱ ጠፋ። እኔ በአገሬ ልማድ "መብራት ሄደ" ልል ነበር። ሻማ ብቻ ቀረ። ሁለት ሰዎች ጊታር ይዘው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ሾርባ ያቀረበችልን ሴትዮ ሽርጧን ፈታች። አጣጥፋ የዳቦ ቅርጫቱ አጠገብ አኖረችው። ከወንበር ላይ ጥቁር ሻል አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ አንገቷን ቀና አደረገችና ጀመረች። ማይክ የለም። ስፒከር የለም።

አባባ፣ የቤቱን ጸጥታ ቢያዩ! ሌላኛው አስተናጋጅ ትሪ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ምግብ አይወጣም፣ ሒሳብ አይጠየቅም፣ ቢላና ሹካ አይነካም። ልጄ ሹካው አምልጦት ሳህኑ ላይ ቂው አለ። ከጎናችን የነበሩ እናት ዞር ብለው አዩት። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ግን እኛ በዜና ሰዓት ስንንጫጫ እርስዎ ያዩን የነበረው አስተያየት ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ እስክንወጣ ድረስ ሹካ አልነካም። ዓሣው ቀዘቀዘ፤ ግድ የሰጠው ሰው አልነበረም።

ጊታሩ እኛ የምናውቀው ጊታር አይደለም። ሆዱ ክብ ነው፣ ወደ አንገቱ ይሾላል። ሁለት ሁለት ሆነው የተወጠሩ 12 ክሮች አሉት። መቺው አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ ላይ ሰው ሠራሽ ጥፍር አድርጎ ነው የሚመታው። ድምፁ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነው። ሌላው ተራውን ጊታር ይዞ ከሥር ይደግፈዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ካሣ ተሰማን አሰብኩ። አንድ ክራር፣ አንድ ድምፅ።

"ፋዶ የፖርቹጋሎች ትዝታ ነው" የሚል ሐበሻ ብዙ አጋጥሞኛል። ሐዘኑን ሰምተው ነው። እኔ ግን የሚመሳሰሉት በሌላ ነገር ይመስለኛል። ነባሮቹ ፋዶዎች ዜማቸው የታወቀ ነው። ሜኖር፣ ኮሪዱ፣ ሞራሪያ የሚባሉ መሠረቶች አሉ። ዘፋኙ ልኩ የሚገጥምለትን ግጥም አምጥቶ በዚያ ዜማ ላይ ያስኬዳል። በአንድ ምሽት ሁለት ሰው በአንድ ዜማ ሁለት የማይገናኝ ታሪክ ሊያወርድ ይችላል። ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ አንቺ ሆዬው የሁሉም ሆኖ እያንዳንዱ የራሱን ግጥም እንደሚያስገባበት ማለት ነው። ይህን የነገረን ጊታር መቺው ነው። ፋታ ሲያገኝ የኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በላ።

ከአዝማሪ ቤት ጋር ግን አይገናኝም። ጎንደር ይዘውኝ የሄዱበት ቤት ትዝ ይልዎታል? ዝም ያለ ሰው አልነበረም። "ተቀበል!" እየተባለ ግጥም ይወረወራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ይመልሳል። በእርስዎ ራሰ በራ ላይ ሲገጥምብዎ ከሁሉም በላይ የሳቁት እርስዎ ነበሩ። ብሩንም ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። እኔ በልጅነቴ አባቴ ተሰደበ ብዬ ላለቅስ ነበር። ሊዝበን ውስጥ እንደዚያ ቢያደርጉ ያስወጡዎታል። ጭብጨባ እንኳ የሚፈቀደው ዘፈኑ ሲያልቅ ነው። ኮይምብራ በምትባለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ደግሞ በወጉ ከሆነ ጭራሽ አይጨበጨብም። እዚያ ፋዶን የሚዘፍኑት ወንዶች ናቸው፣ ተማሪዎች፣ ጥቁር ካባ ለብሰው። አድማጩ የወደደውን የሚገልጸው ጉሮሮውን በመጥረግ ነው። የእርስዎ ሳል እዚያ ትልቅ ክብር ነበረው።

የታሪክ ሰው ነዎትና አንድ ነገር ልጨምር። በአምባገነናቸው በሳላዛር ዘመን የፋዶ ግጥም ሁሉ በሳንሱር ነበር የሚያልፈው። የኛ የካቲት 66 በፈነዳ በሁለት ወሩ ግድም፣ ሚያዝያ 17 ቀን፣ እነሱም ጋ ወታደሮች መንግሥት ገለበጡ። የመነሻ ምልክቱ ሌሊት በሬዲዮ የተለቀቀ ዘፈን ነበር። ሕዝቡ ወጥቶ የወታደሮቹ አፈሙዝ ላይ ቀይ ካርኔሽን አበባ ሰካ። የኛ ወዴት እንደሄደ እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ አልጨምርም። ፋዶም "የአሮጌው መንግሥት ዘፈን" ተብሎ ለተወሰነ ጊዜ ተጠልቶ ነበር። ግን መልሰው ታረቁት። አማሊያ ሮድሪጌሽ የምትባል፣ ወጣት እያለች ወደብ ላይ ፍራፍሬ ትሸጥ የነበረች ዘፋኛቸው በ1999 ስትሞት ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አጽሟም በኋላ ታላላቆቻቸው የሚያርፉበት ፓንቴዮን ገባ። ጥላሁን ሲቀበር እስከ ቅድስት ሥላሴ በእግርዎ ስለሄዱ፣ ይህ ለእርስዎ አዲስ ነገር አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከጊታሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ አዛውንት ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ከእርስዎ አያንስም። ከጆሯቸው ጀርባ አንዲት ግራጫ ነገር አየሁ። የመስሚያ መሣሪያ ነው። ዘፈን ሊጀመር ሲል ጣታቸውን ወደዚያ ይሰዱና ትንሽ ይነካኩታል። ከዚያ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ። ሲያልቅ ከሁሉ ቀድመው የሚያጨበጭቡት እሳቸው ናቸው። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ራሳቸው ተነሥተው ዘፈኑ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ተሰነጠቀባቸው። ስንኝም ጠፋባቸው። ሴትዮዋ ትሪዋን እንደያዘች ከኋላ ቃሉን አቀበለቻቸው። እሳቸውም ቀጠሉ።

ስንወጣ በር ላይ አገኘኋቸው። በእንግሊዝኛም በምልክትም ስለ መሣሪያው ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። መጀመሪያ ጠልተውት እንደነበር ነገሩኝ። የሳህኑ ድምፅ ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ይሰበር ነበር። ዛሬም ገበያ ሲሄዱ ያወልቁታል። እዚህ ቤት ሲመጡ ግን ያለሱ አይመጡም።

የእርስዎ የት እንዳለ አውቃለሁ። ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከድሮ መነጽርዎ ጋር። እህቴን አይቆጧት፤ ለምኜ ነው የነገረችኝ። ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ማንኪያው፣ ውሻው፣ የጎረቤት ጄኔሬተር አንድ ላይ ይጮሃሉ። ጆሮዎ ለዓመታት ያላደረሰለትን ድምፅ አእምሮዎ እንደ አዲስ መለየት አለበት። ሳምንታት ይፈልጋል። እርስዎ ግን መጀመሪያ ያደረጉት የት ነው? ሠርግ ላይ! ስፒከር አጠገብ ተቀምጠው! ያ ስፒከር ለጤነኛ ጆሮም አይመከርም።

ከዚያ ወዲህ ሠርግም ቀረ፣ ማኅበርም ቀረ። ክረምት ስመጣ አይቼዎታለሁ። ሰው ሲስቅ አብረው ይስቃሉ፤ የሚሳቅበትን ግን አልሰሙትም። አንድ ቀን እንኳ "ምን አላችሁ?" አላሉንም። እንዳያስቸግሩን ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። ያስቸግሩን እንጂ! የሚቸግረንስ ይኸው ዝምታዎ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ከዚህ የሚመጣ ሰው አለ። ባትሪ ልኬበታለሁ። 13 ቁጥር ነው፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለው፤ ከሌላ እንዳይቀላቀል። ላዩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ይላጡና ሳይከድኑት ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። አየር ሲገባው ነው የሚሠራው። ከተላጠ በኋላ ደግሞ ባይጠቀሙበትም ያልቃል፤ ስለዚህ ሁሉንም አንዴ አይላጡት። ማታ ሲተኙ የባትሪውን ክዳን ከፍተው ያሳድሩት።

አንድ ፍላሽም አለ። ሬዲዮዎ ላይ ይሰካል። ጠዋት በማለዳ፣ ጄኔሬተሩ ሳይነሣ፣ በር ዘግተው ይጀምሩ። ድምፁን ዝቅ ያድርጉት። መጀመሪያ ያለው ካሣ ተሰማ ነው፤ ግጥሙን በቃልዎ ስለሚያውቁት ጆሮዎ አይደናገርም። ሲሰለችዎ ያውልቁት፣ በማግሥቱ ትንሽ ያስረዝሙት። ፋዶው ከካሣ ቀጥሎ ነው። አልወደድኩትም ካሉ አልከራከርዎትም፤ ሰምተውት ከሆነ ብቻ።

አክባሪ ልጅዎ
ከፍራንክፈርት